የአሮጌ ቤት የጣውላ ልባስ አጠጋገን፦ ለጅማ ዝናብ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሐጂ ለአሮጌው ቤታቸው ጠሩኝ። ቤቱ ፎቅ ነው፤ ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ፣ በረንዳው ወደ መንገድ የወጣ፣ የላይኛው ግድግዳ ደግሞ በሙሉ በተደራረበ ጣውላ የለበሰ። «ልጄ፣ ይህ ጣውላ አርጅቷል፤ ንቀልልኝና ቆርቆሮ እናልብሰው» አሉኝ። ቆርቆሮው ተገዝቶ ግቢው ውስጥ ተደርድሯል። «ሐጂ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ» ብዬ ከባለቤታቸው የስፌት ወስፌ ተዋስኩና ወጣሁ። ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ወጋኋቸው። ከ64ቱ 53ቱ ወስፌውን አላስገባም አሉ። የተበላሹት 11 ነበሩ፤ እነርሱም የተሰበሰቡት ሁለት ቦታ ነው፦ ከተቀደደው አሸንዳ ሥርና ከበረንዳው ወለል ጋር በሚነካኩበት መሥመር። ቆርቆሮው ተመልሶ ተሸጠ።

ይህን የምጽፈው በዚያ ቤት ላይ የሠራሁትን ሌላውም በራሱ ቤት ላይ እንዲሠራው ነው። ጅማ የእንጨት አገር ናት። ባለ ሦስት እግር በርጩማዋን የማያውቅ የለም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ንጉሡ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በገዙበት ዘመን የተሠራው፣ በእንጨት ሥራው ነው የሚታወቀው። በከተማው ውስጥ ግን ስም ያልወጣላቸው፣ ማንም የማይጎበኛቸው የጣውላ ቤቶች አሉ። እነርሱን የሚያፈርሳቸው ብዙ ጊዜ ችኮላ ነው። ሰው የጠቆረ ጣውላ ሲያይ የበሰበሰ ይመስለዋል። የጠቆረና የበሰበሰ የተለያዩ ናቸው፤ ፀሐይና ዝናብ የእንጨቱን ገጽ ሲያጠቁሩት ወይም ሲያነጡት ከሥሩ ያለው ደህና ሆኖ ብዙ ዘመን ይቆያል።

ከመጀመራችሁ በፊት የልባሱን አሠራር በልባችሁ ያዙት፤ የሣር ክዳን ማለት ነው። በሣር ክዳን ላይኛው ሣር ውኃውን ለታችኛው ያቀብለዋል፣ ታችኛው ከክፈፉ አውጥቶ ይጥለዋል። ሣሩን በጭቃ የሚደፍነው ሰው የለም፤ ከደፈነው ይበሰብሳል። የጣውላ ልባስም እንደዚሁ ነው። ጥቂት ውኃ ወደ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ መውጫና መድረቂያ ካገኘ ግን ጉዳት የለውም። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ኑሮ የሚመቸው እርጥበቱ ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት በጅማ ከተማ ይህን ልክ ማለፍ ቀላል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚከተለው፦ ውኃው በየት ይወጣል?

አንደኛ፦ በዝናብ ሰዓት ተመልከቱ

ቤቱን ለመመርመር ጥሩው ወር ነሐሴ ነው። ለመሥራት ግን አይሆንም። ዣንጥላ ይዛችሁ፣ ዝናቡ በሚበረታበት ሰዓት ቤቱን ዙሩ። አሸንዳው የት ላይ ይሞላል? ከመሬት የሚፈናጠረው ውኃ ግድግዳውን እስከ ስንት ያርሰዋል? ነፋሱ ዝናቡን የሚያመጣው ከየትኛው ማዕዘን ነው? የመስኮቱ ደፍ ውኃውን ወደ ውጭ ያፈሳል ወይስ ወደ ግድግዳው ይመልሳል? እነዚህን በወረቀት ላይ ጻፉ። በበጋ ቆማችሁ የምትገምቱት ከዚህ ጋር አይተካከልም።

ዝናቡ ካባራ በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ሌላው ሲደርቅ እርጥብ ሆኖ የቀረው ቦታ በሽታው ያለበት ነው። ወስፌ ወይም ቀጭን ጩቤ ይዛችሁ የእያንዳንዱን ጣውላ የታችኛውን ጠርዝ፣ የተቆረጡትን ጫፎችና በሚስማሩ ዙሪያ ያለውን ውጉ። ደህና እንጨት ይቃወማል፤ የበሰበሰው እንደ ዳቦ ያስገባል። ከተጠራጠራችሁ በወስፌው ጫፍ ትንሽ ፈልቅቃችሁ አንሡ። ደህናው በረጅሙ ተሰንጥቆ ይነሣል፤ የበሰበሰው ግን በአጭሩ ቅርፍርፍ ብሎ ይሰበራል። ይህ ምርመራ ከማንኛውም የዓይን ግምት ይበልጣል።

ምስጥ ደግሞ ለብቻው ፈልጉ። ከመሬት ተነሥቶ በቋሚው ወይም በመሠረቱ ድንጋይ ላይ የሚወጣ እርሳስ የሚያህል የአፈር መንገድ ካያችሁ ሰብራችሁ ተመልከቱ፤ ነጫጭ ምስጦች ካሉበት ሥራው ላይ ናቸው። የነቀዝ ምልክት ሌላ ነው፤ ክብ ትንንሽ ቀዳዳና ከሥሩ የፈሰሰ ዱቄት። ዱቄቱ ነጣ ያለና አዲስ ከሆነ ነቀዙ አሁንም አለ። ዱቄት የሌለበት አሮጌ ቀዳዳ ግን ያለፈ ታሪክ ሊሆን ስለሚችል አያስደንግጣችሁ።

እያንዳንዱን ጣውላ በኖራ ጠመኔ ቁጥር ስጡት፤ ግድግዳውን በፊደል፣ ረድፉን በቁጥር፣ ለምሳሌ «ሀ 7»። በስልክ ፎቶግራፍ አንሡ። በኋላ ጣውላዎቹ መሬት ላይ ሲደረደሩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ።

ሁለተኛ፦ ውኃውን ከመነሻው ያዙ

አዲስ ጣውላ ከመግዛታችሁ በፊት አሸንዳውን ጠግኑ። በሐጂ ቤት ሥራው ሁሉ የመጣው እጅ በሚያስገባ የአሸንዳ ቀዳዳ ነው። የጣራው ክፈፍ አጭር ከሆነና ጣራው ሊታደስ ከሆነ 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ አድርጉት፤ ግድግዳውን እንደ ጃንጥላ ይጠብቀዋል።

ከታች ደግሞ መሬቱ። ዓመት በዓመት አፈር ስለሚከማች በአሮጌ ቤት ዙሪያ ያለው መሬት ከፍ ይላል። ቆፍራችሁ ዝቅ አድርጉት። ከመጨረሻው ጣውላ እስከ መሬት ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ባዶ የድንጋይ መሠረት መታየት አለበት። ይህ ባዶ ቦታ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የሚፈናጠረውን ውኃ ያርቃል፣ ምስጥ መንገዱን ሲሠራም ያጋልጠዋል። ከሥሩ ሲሚንቶ ከማፍሰስ ጠጠር መበተን ይሻላል፤ ጠጠር ላይ የወረደ ጠብታ ይበተናል እንጂ አይዘልም። ግድግዳውን ተደግፎ የበቀለውን ተክል ሁሉ፣ አበባም ቢሆን፣ አንድ ክንድ ያህል አርቁት። የማገዶ ክምር ግድግዳው ላይ መደገፍ በጅማ የተለመደ ነው፤ ለምስጥ መሰላል ማቆም መሆኑን እወቁ።

ሦስተኛ፦ ፈቃድና አሮጌ ቀለም

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ጥገና እንዳይደረግ ይከለክላል። መመዝገቡን ካላወቃችሁ መጀመሪያ የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁ። ከፈረሰ በኋላ ከመከራከር ቀድሞ መጠየቅ ይቀላል።

አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ይችላል። ጉዳቱ ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው በሕፃናት አእምሮ ላይ ነው። ስለዚህ ደረቁን አትፈግፍጉ፣ በእሳትም አታቃጥሉ። ውኃ እየረጫችሁ በመፋቂያ ፋቁት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ከሥር ላስቲክ አንጥፉ፣ ልጆችን ከግቢ አርቁ። የተፋቀውን ሰብስባችሁ አስወግዱ እንጂ የጓሮው ቡና ሥር አትድፉት። በደንብ የያዘውን ቀለም ደግሞ መንቀል አያስፈልግም፤ የተላጠውን ብቻ አንሡ።

አራተኛ፦ ጣውላውን ሳይሰበር ማውጣት

ተደራርቦ የተመታ ጣውላ ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈታው። የምትፈልጉት መሀል ላይ ያለው ከሆነ ከላዩ ያለውን ጣውላ የታች ጠርዝ በቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት። ሽብልቁን በየቋሚው አጠገብ አስገቡ፤ በአንድ ቦታ ብቻ ከገፋችሁ ይሰነጠቃል። ጥቂት ከተነሣ በኋላ ጣውላውን በእንጨት ቁራጭ ላይ መልሳችሁ ምቱት፤ ሚስማሩ አንገቱን ያወጣል። ከጉጠቱ ሥር ስስ ጣውላ አድርጉና ንቀሉት። እምቢ ያለውን ሚስማር አትታገሉት። የብረት መጋዝ ምላጭ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በመደራረቢያው ውስጥ አሳልፉና ቁረጡት።

አሮጌው ጣውላ ደረቅ ነው፤ ጠዋት ጤዛ ሳይለቀው መሥራት ስንጥቁን ይቀንሳል። የወጣውን ሁሉ፣ የተሰበረውንም ቢሆን፣ እስከ ሥራው ፍጻሜ አታቃጥሉ። ለመጠገኛ ቁራጭ ከእርሱ የተሻለ እንጨት በገበያ አታገኙም፤ ዛፉ በዝግታ ያደገ ነው፣ ጅማቱም የጠበቀ ነው።

ከጀርባው ስታዩ የጭቃው ግድግዳ ምርጊት ይገጥማችኋል። የተቦረቦረ ካለ በጭቃና በጭድ ሙሉት እንጂ በሲሚንቶ አይሁን። ሲሚንቶ እርጥበቱን ወደ ቋሚው እንጨት ይገፋዋል። ላስቲክም አታልብሱት፤ ከውስጥ የሚመጣው የምድጃና የሰው ትንፋሽ እርጥበት እዚያው ላብ ሆኖ ይቀራል።

አምስተኛ፦ መጠገን ወይስ መለወጥ?

የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ጉዳቱ ከጣውላው ርዝመት ሲሶ ካላለፈ ይጠገናል። ብዙ አናጺ መለወጥን ይመርጣል፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ነው። እኔ ግን ለጥገናው የሚከፈለው የቀን ዋጋ ከአዲስ ጣውላ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር አሸናፊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የቤቱም መልክ አይጠፋም።

ስንጥቅ ብቻ ከሆነ አቧራውን አጽዱ፣ በስስ ሽብልቅ ጥቂት ክፈቱት፣ ውኃ የሚቋቋም ኮላ እስከ ውስጥ ግፉበት፣ ሽብልቁን አውጥታችሁ በሞርሳ ወይም በገመድና በዱላ አጥብቁት። በማግሥቱ ፍቱት። በእስቱኮ የተሞላ ስንጥቅ ግን በሚቀጥለው ክረምት ይከፈታል። እንጨቱ ሲነፋና ሲሟሽሽ እስቱኮው አብሮት አይንቀሳቀስም።

የታችኛው ጠርዝ ብቻ በርዝመቱ የበሰበሰ ከሆነ፣ ይህም ከሁሉ የሚበዛው ጉዳት ነው፣ የታመመውን አልፋችሁ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ደህና እንጨት እስኪገባችሁ ድረስ በቀጥታ መሥመር ሰንጥቃችሁ አውጡት። ከዚያ በዚያው ልክ አዲስ ቅጥል ኮላ አድርጋችሁ ግጠሙ። የመገናኛውን ፊት ስትልጉ ወደ ውጭ ዝቅ እንዲል አድርጉት። ወደ ውስጥ ዝቅ ካለ ውኃውን ራሱ ይጠራዋል። የቅጥሉ ጅማት ከአሮጌው ጅማት ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሁን፣ ዓይነቱም ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፤ ዝግባ ላይ ባህር ዛፍ ብትቀጥሉ ሁለቱ በተለያየ ልክ ስለሚሟሽሹ ይለያያሉ።

ጫፉ ላይ የበሰበሰ ከሆነ በሚቀጥለው ቋሚ ላይ ቆርጣችሁ አዲስ ጫፍ ቀጥሉ። የመቀጠያው ቦታ ሁልጊዜ ቋሚ እንጨት ላይ ማረፍ አለበት፤ አየር ላይ የተቀጠለ ጣውላ ይጎብጣል። በ45 ዲግሪ ሰያፍ ቁረጡና የላይኛው ከንፈር ነፋሱ ወደሚሄድበት እንዲዞር አድርጉ። በነሐሴ የጻፋችሁት የነፋስ አቅጣጫ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። ከመገናኛው ጀርባ የእጅ መዳፍ የምታህል የላሜራ ቁራጭ አስገቡ፣ የታች ጠርዟ ከታችኛው ጣውላ ፊት ላይ ትረፍ። በስንጥቁ የገባው ውኃ በእርሷ ላይ ወርዶ ወደ ውጭ ይመለሳል።

ስድስተኛ፦ አዲሱ እንጨት

መለወጥ ግድ ከሆነ ከየት እንደሚገዛ አስቡ። አሮጌዎቹ ጣውላዎች በአብዛኛው ዝግባ፣ ጥድ ወይም ዋንዛ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ በኋላ በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ስለዚህ ደረሰኝ ከሌለው ሰው የተቆረጠበት ያልታወቀ ዝግባ አትግዙ። አሮጌ ቤት አድኛለሁ ብላችሁ አሮጌ ደን አታስቆርጡ። ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ ማፈላለግ ይሻላል፤ እኔ ለሐጂ ቤት ካስፈለጉኝ መካከል አምስቱን ያገኘሁት እንዲሁ ነው።

ከፈረሰ ቤት ካልተገኘ ምርጫዬ የፈረንጅ ጥድ ነው። ከተከላ ደን ይገኛል፣ ብዙ አይጣመምም፣ ለመሥራትም ይቀላል። የነጩን የዳር ክፍል ትታችሁ የልቡን ምረጡ። ዋንዛ በገበሬው ማሳ ላይ የበቀለ በሕጋዊ መንገድ ከተገኘ እጅግ ጥሩ ነው፤ ረጋ ያለ እንጨት ነው። ጥድ ምስጥና መበስበስን ይቋቋማል፣ ሚስማር ሲገባበት ግን ስለሚሰነጠቅ ሳይበሱ መምታት አይሆንም። ዝግባ ያለ ቀለም በዝናብ ላይ አይቆይም፣ ምስጥም ይወደዋል። ቀረሮ የውስጥ እንጨት ነው፤ ለውጭ ግድግዳ አይሁን። ባህር ዛፍ ለቋሚና ለርብራብ ይሁን እንጂ ለልባስ አታምጡት፤ ሲደርቅ ይጠማዘዛል።

አሁን ስለ ማድረቅ፤ እዚህ ላይ መታገሥ የማይችል ሰው ሥራውን ባይጀምር ይሻለዋል። ቡና የሚያደርቅ ሰው ይህን ለማስረዳት አያስቸግርም። ቡና መሬት ላይ አይሰጣም፤ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ከሥር ነፋስ እንዲያገኘው። ሳይደርቅ በጆንያ የገባ ቡና ይሻግታል። ጣውላም እንደዚሁ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ በየረድፉ መካከል ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው እኩል ቀጫጭን እንጨቶች እየገቡበት ይደረደራል። ቀጫጭኖቹ እንጨቶች ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀጥታ መሥመር ይሁኑ፤ ካልሆነ ጣውላው በክብደቱ ይጎብጣል። ከላይ ቆርቆሮ ይሸፈን፣ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። በተቆረጡት ጫፎች ላይ ቀለም ቅቡ። ውኃው በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ጫፉ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ጣውላ እንዲህ ሲደረደር አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚለው የአናጺዎች ልማድ ጥሩ መነሻ ነው።

መድረቁን በግምት አትወስኑ። በጅማ በየመንደሩ የቡና ሚዛን አለ። ሁለት ጣውላ ምልክት አድርጋችሁ በየሁለት ሳምንቱ መዝኑ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። በትክክል ማወቅ ለሚፈልግ ከጣውላው መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ መመዘን፣ በዳቦ መጋገሪያ ከ100 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ክብደቱ እስከማይቀንስ ድረስ ማድረቅ፣ እንደገና መመዘን ይችላል። ለምሳሌ 230 ግራም የነበረው 200 ግራም ከሆነ የጠፋው 30 ግራም ነው፤ 30 ለ200 ሲካፈል እርጥበቱ 15 በመቶ ነበር። ለውጭ ልባስ ከ12 እስከ 15 በመቶ ጥሩ ነው።

የሥራው ጊዜ ራሱን ይወስናል። ከኅዳር እስከ ጥር ዝናቡ ይቀንሳል። በኅዳር ግን ረዳት ለማግኘት አትልፉ፤ ወጣቱ ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ጀምራችሁ በየካቲት አጋማሽ ብትጨርሱ ከመጋቢት ዝናብ ትቀድማላችሁ።

ሰባተኛ፦ መልሶ መምታት

አዲሱን ጣውላ ከአሮጌው ውፍረትና ቅርጽ ጋር በልኩ ላጉት። አንድ አሮጌ ጣውላ ቆርጣችሁ የጫፉን ቅርጽ በካርቶን ላይ ንደፉ፤ መለኪያችሁ እርሱ ነው። የታችኛውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ከፍ እንዲል በሰያፍ ላጉት። ጠብታው ከውጪው ሹል ጫፍ ይወድቃል እንጂ ወደ ጀርባው አይዞርም።

ከግንዱ ልብ በኩል የነበረውን ፊት ወደ ውጭ አድርጉ። ጣውላ ሲደርቅ የልጡ በኩል ይጎደጉዳል፤ የልቡ ፊት ወደ ውጭ ከሆነ ጠርዞቹ ግድግዳውን ይጫኑታል፣ በተቃራኒው ከሆነ ግን አፋቸውን ይከፍታሉ። የትኛው ፊት እንደሆነ በተቆረጠው ጫፍ ላይ ያሉት ቀለበቶች ይነግሯችኋል።

ከመምታታችሁ በፊት ሁሉንም ፊት፣ ጀርባውንም ጭምር፣ መነሻ ቀለም ቅቡ፤ የተቆረጡትን ጫፎች ሁለት ጊዜ። የእንጨት ጫፍ እንደ ሸምበቆ ውስጡ ክፍት ነው፤ ውኃን ከጎኑ በብዙ እጥፍ ይጠጣል። ቦታው ላይ ስትቆርጡም በቆረጣችሁ ቁጥር ቅቡ፤ ትንሽ ቆርቆሮ ቀለምና ብሩሽ ከእናንተ አይለይ።

ረድፉን በሒሳብ ጀምሩ። ግድግዳው በሙሉ የሚታደስ ከሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ አቁማችሁ የመስኮቱን ደፍና ጉበን ምልክት አድርጉበት፤ ረድፎቹ በእነዚህ ላይ ቢያልቁ ለዓይንም ለውኃም ያምራል። ጣውላው 15 ሳንቲ ሜትር ሰፊ ሆኖ 3 ሳንቲ ሜትር ቢደራረብ 12 ይታያል። ግድግዳው 246 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 20 ረድፍ ተኩል ይወጣል፤ ግማሽ ጣውላ ከላይ ከማስገባት 21 ረድፍ አድርጋችሁ የሚታየውን 11.7 አድርጉት። ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል የሆነው ያ ልዩነት በዓይን አይታይም፤ መደራረቢያው ግን 3.3 ይሆናል፣ እሰየው ነው። ጥቂት ጣውላ ብቻ የምትለውጡ ከሆነ ሒሳቡን ተዉትና አሮጌውን መሥመር ተከተሉ፣ አሮጌው ጥቂት ቢዘምም እንኳ። በዘመመ ቤት ላይ በውኃ ልክ የተመታ አንድ ጣውላ እርሱ ዘሞ ይታያል።

ቋሚዎቹ የሚፈቅዱ ከሆነ ጣውላውና ጭቃው መካከል ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት እንዲኖር በቋሚዎቹ ላይ ቀጭን ማገር በቁም ምቱ። አየሩ ከታች ገብቶ ከላይ እንዲወጣ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ይሁን፤ አይጥና ተባይ እንዳይገባ በሽቦ ወንፊት ይዘጋ። በአሮጌ ቤት ይህን ስታደርጉ ልባሱ ወደ ውጭ ስለሚገፋ የመስኮቱ ፍሬም ከልባሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ያ ከሆነ ክፍተቱ ይቅር፤ የመስኮቱን መልክ አታበላሹ።

ሚስማሩ ላይ ደግሞ እዘገያለሁ፤ ብዙ ጣውላ የሚሞተው በሚስማር ነውና። ጋልቫናይዝድ ሚስማር ግዙ። ተራው ይዝጋል፣ ዝገቱም በዙሪያው ያለውን እንጨት ይበላዋል፣ ጥቁር እንባም ያወርዳል። ቋሚው ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሳንቲ ሜትር መግባት አለበት። በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ አንድ ሚስማር ብቻ፤ ቦታውም ከታችኛው ጣውላ የላይ ጠርዝ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የታችኛውን ሳይነካ። ለምን? 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ከበጋ እስከ ክረምት ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ ይጠባል። በአንድ ሚስማር የተያዘ በነፃነት ይተነፍሳል። አንድ ሚስማር ሁለቱንም ጣውላ ከያዘ ግን አንዱ ሲጎትት ሌላው እምቢ ይላል፤ መካከል ላይ በርዝመቱ የተተረተረ ጣውላ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ጫፍ አካባቢ ሁልጊዜ ቀድማችሁ ብሱ። የሚስማሩን ጭንቅላት ከእንጨቱ ገጽ ጋር እኩል አድርጉና አቁሙ፤ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ጉድጓዱ ውኃ ይይዛል።

ሁለት ጣውላ ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ ሁለት ሚሊ ሜትር ተዉላቸው፣ በሚቀጥለው ረድፍ መገናኛው በሌላ ቋሚ ላይ ይሁን።

መደራረቢያውን በምንም ነገር አትድፈኑ። በጀመርኩበት ዘመን በአንድ ቤት ላይ መደራረቢያውን ሁሉ በሲሊኮን ደፈንኩ፤ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ክረምት ባለቤቱ ጠሩኝ። ከፊት የሚያምረው ጣውላ ከጀርባው በነጭ ሻጋታ ተሸፍኖ አገኘሁት። የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ነበር። ስምንት ጣውላ በራሴ ወጪ ለወጥኩ። ሲሊኮን የሚገባው ጣውላው ከመስኮት ፍሬምና ከማዕዘን ቋሚ ጋር በሚገናኝበት የቁም መሥመር ላይ ብቻ ነው።

ስምንተኛ፦ ቀለም

ለአሮጌ ጣውላ በተልባ ዘይት የተሠራ የዘይት ቀለም እመርጣለሁ፤ ወደ እንጨቱ ዘልቆ ይገባል፣ ሲያረጅም በዱቄት መልክ ያልቃል እንጂ በቅርፊት አይላጥም። ሦስት ጊዜ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቅቡ፤ አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተቀባ ሳይደርቅ ይጨማደዳል። የፀሐይዋን ተቃራኒ ግድግዳ እየተከተላችሁ ሥሩ፤ የጋለ ጣውላ ላይ አትቀቡ። ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት አቁሙ፣ የበጋ ሌሊት ጤዛ እንዳያገኘው። ቬርኒሽ ለውጭ አይሆንም፤ ፀሐይ ሰነጣጥቆት ውኃ ከሥሩ ይገባል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት የመቀባት ልማድ አለ። ለአጥር እንጨት የፈለገ ያድርገው፤ ሰው ለሚኖርበት ቤት ግን እቃወማለሁ። ለጤና ጎጂ ነው፣ ይነዳል፣ ከዚያም በኋላ ምንም ቀለም አይዘውም።

ይህን ደግሞ በጥብቅ እናገራለሁ፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨምድዶ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘይቱ የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፣ ያ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ መሄጃ የለውም። ጨርቁን ከቤት ውጭ ዘርጋችሁ አድርቁት ወይም ውኃ በሞላ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት። በእንጨት ቤት ውስጥ፣ በመጋዝ ብናኝ አጠገብ፣ አንድ ሌሊትም አይደር።

ዘጠነኛ፦ ከዚያ በኋላ

ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት፣ ግድግዳውን በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውኃ እጠቡት። ቀዝቃዛውና ጥላ የማይለቀው ግድግዳ አረንጓዴ ስለሚያበቅል ከሁሉ ይልቅ እርሱን እሹ። በዚያው ቀን አሸንዳውን ከቅጠል አጽዱ፣ የመሠረቱን ድንጋይ ዙሩና የምስጥ መንገድ ፈልጉ፣ ወስፌዋን ይዛችሁ የታችኞቹን ሁለት ረድፎች ውጉ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቀለሙ ብርሃኑን ሲያጣ በጨርቅ ትንሽ የተልባ ዘይት ማሸት ዕድሜውን ያራዝማል።

የተረፉትን ጣውላዎች መነሻ ቀለማቸውን ቀብታችሁ ከጣራው ሥር፣ ያው ቀጫጭን እንጨት እየገባባቸው፣ አስቀምጡ። በጀርባቸው የእንጨቱን ዓይነትና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ ጻፉ። በሐጂ ቤት አንዱን አሮጌ ጣውላ ስገለብጥ የቀድሞው አናጺ በከሰል ያሰመራቸው የመቁጠሪያ መሥመሮች ነበሩበት፤ አምስት አምስት እያደረገ 21 ረድፍ ቆጥሯል። መልሼ ስመታው ጀርባውን ሳልቀባ ተውኩት።